መመሪያ የሌለው ዕቃ ጎደሎ ዕቃ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ቃል በንግድ ዓለም ዘወትር ይጠቀሳል እንጂ እንደሚገባው አይሠራበትም። ነጋዴ የዱቤውን ሒሳብ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ውሉን በጽሑፍ ያጸናል፤ ደረሰኙን በካዝና ያኖራል። ነገር ግን ሱቁ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ ይልቁንም በመሣሪያው ውስጥ ያለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዴት እንደሚያዝዘው የሚገልጠውን ጽሑፍ ከዕቃው ጋር ቈጥሮ የሚረከብ ነጋዴ ጥቂት ነው። ሻጩም ስላልተጠየቀ አያቀርብም። በሁለቱ ዝምታ መካከል የሚደርሰው ጉዳት ግን በየዕለቱና በየሱቁ የሚታይ ነው።

የመካነ ኢየሱስን ገበያ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከደብረ ታቦር በስተደቡብ በምትገኘው በዚህች የእስቴ ከተማ ገበሬው ጤፉን፣ ገብሱን፣ ስንዴውንና ድንቹን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴው ጨርቁን፣ ቈርቈሮውን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ይህ ከጥንት የነበረ ሥርዓት ነው። አዲሱ ነገር በመካከላቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መግባቱ ነው። ገንዘቡ በስልክ ይተላለፋል፤ ሽያጩ በመሣሪያ ይመዘገባል፤ የዕቃው ብዛት በሰሌዳ ላይ ሳይሆን በመስታወት ላይ ይታያል። ነጋዴው ሳያስበው የሶፍትዌር ደንበኛ ሆኗል። ደንበኛ ከሆነ ደግሞ የደንበኛ መብት አለው፤ ከመብቶቹም አንዱ የገዛውን ነገር አሠራር በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ማግኘት ነው።

ይህን የመሰለ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች በውጭ አገር ራሱን የቻለ ሞያ አላቸው። ሥራቸው ፕሮግራም መሥራት አይደለም፤ መሐንዲሱ የሠራውን ፕሮግራም ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ነው። መሐንዲሱን ይጠይቃሉ፤ መሣሪያውን ራሳቸው ይሞክራሉ፤ ተጠቃሚው የት ላይ እንደሚሳሳት ያጠናሉ፤ ከዚያም ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ ይጽፋሉ። የጻፉትንም ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ሲሠራበት ቆመው ይመለከታሉ። ሰውየው ቢያቅተው ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የጽሑፉ መሆኑን ተቀብለው ያርማሉ።

ሞያው ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ ያደገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1949 በፊላዴልፊያ ከተማ ቢናክ የሚባለው ኮምፒዩተር ሲሠራ ጆሴፍ ቻፕላይን የሚባል ሰው ለተጠቃሚዎቹ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈለት፤ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር መመሪያ ጸሐፊዎች አንዱ ተብሎ የሚታወቀውም በዚሁ ሥራው ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺም ዩኒክስ ለሚባለው ሥርዓታቸው የመጀመሪያውን መመሪያ በጥቅምት 1964 ዓ.ም. አወጡ። ዛሬ በዓለም ላይ አያሌ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚሠሩት በዚያ ሥርዓት ዝርያዎችና አምሳያዎች ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ሥራቸውን ሠርተው ብቻ ዝም አላሉም፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ፣ ጕድለቱም ምን እንደሆነ ሳይቀር ጽፈው አኖሩ። የሠሩት ነገር ከሁለቱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌሎች ሊተላለፍ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነጋዴ ግን ታሪክ ከመስማት ይልቅ ኪሳራና ትርፍ መስማት ይወዳል፤ ስለዚህ የኪሳራውን ምሳሌ መጥቀስ ተገቢ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በአክሲዮን ገበያ በኮምፒዩተር የሚሸጥና የሚገዛ ነበር። አዲስ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮቹ ላይ እንዲገባ በተደረገ ጊዜ በአንደኛው ላይ ሳይገባ ቀረ፤ በዚያ ላይ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ገበያው ሲከፈት ነቅቶ ማንም ያላዘዘውን ግዢና ሽያጭ ይፈጽም ጀመር። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ አንዱ ሠራተኛ የፈጸመውን ሥራ ሁለተኛው እንዲመለከተው የሚያዝዝ የጽሑፍ ሥርዓት በድርጅቱ አለመኖሩን ገለጠ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ይህን ሁሉ ገንዘብ ሊያድን ይችል ነበር ማለት ነው።

ከገንዘብም የከበደ ምሳሌ አለ። ቴራክ 25 የተባለው የካናዳ መሣሪያ ለካንሰር ሕመምተኞች ጨረር የሚሰጥ ሲሆን፣ ከ1977 እስከ 1979 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቢያንስ 6 ሕመምተኞች ከልክ ያለፈ ጨረር ተቀብለውበታል፤ ከእነዚሁም መካከል የሞቱ አሉ። ዋናው ጥፋት የፕሮግራሙና የመሣሪያው አሠራር ነበር። ቢሆንም መሣሪያው ችግር ሲገጥመው «ብልሽት 54» የሚል ቃልና ቍጥር ብቻ ያሳይ ነበር፤ ለሠራተኞቹ የተሰጠው መመሪያም የቍጥሮቹን ትርጕም አይገልጥም ነበር። ሠራተኛው ትርጕሙን የማያውቀውን ቃል ዘወትር ሲያይ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ይንቀዋል፤ ሥራውንም እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ትርጕሙ ያልተገለጠ ማስጠንቀቂያ ከዝምታ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ወደ አገራችን ሱቅ ስንመለስ፣ የመመሪያ ጕድለት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ ማለትም በተለምዶ ካሽ ሬጅስተር በሚባለው ላይ ነው። በመሣሪያው የመጠቀምን ግዴታ የሚደነግገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 139/1999 ከወጣ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ይህን መሣሪያ ገዝቶ ሲሠራበት ኖሯል። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው የሚወጣውን ደረሰኝ አንሥቶ የሚመለከት ሰው አብዛኛው ቃል በላቲን ፊደል የታተመና በአጭሩ የተቈረጠ ሆኖ ያገኘዋል። ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ፣ 15 ከመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ጠቅላላው ድምር፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው እንኳ እንቈቅልሽ በሚመስል አጽሕሮት ተጽፈዋል። ባለሱቁ የሚያነበው በልማድ እንጂ በዕውቀት አይደለም።

ከዚህም የሚብሰው የኤክስና የዜድ ሪፖርት ጕዳይ ነው። ኤክስ የሚባለው እስከዚያች ሰዓት የተሸጠውን ድምር ያሳያል እንጂ ሒሳቡን አይዘጋም። ዜድ የሚባለው ግን የቀኑን ሒሳብ ዘግቶ በማይፋቀው የመሣሪያው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ሆኖ ሳለ፣ በአያሌ ሱቆች የሚታወቀው መሣሪያውን የተከለው ባለሞያ በዕለቱ በቃል በነገረው ብቻ ነው። ቃሉን የሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ሳይሆን በዚያ ቀን በጠረጴዛው የነበረው የሱቅ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ተተኪው በግምት ይነካካል፤ ቀን በቀትር ሒሳቡን ይዘጋል፤ ወይም በማታ ሳይዘጋ ያድራል፤ ከዚያም የሱቁ መዝገብና የመሣሪያው መዝገብ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋር ለሚነሣው ክርክር መነሻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ይህን የመሰለ አለማወቅ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ገጽ አትሞ በመሣሪያው አጠገብ መለጠፍ ይቻላል፦ «ሱቅዎን ከመዝጋትዎ በፊት ዜድ ሪፖርት ያውጡ። ዜድ ሪፖርት የቀኑን ሽያጭ ይዘጋል፤ ከወጣ በኋላ አይመለስም። በቀኑ መካከል ድምሩን ለማየት ብቻ ከፈለጉ ኤክስ ሪፖርት ያውጡ።» ይህን ያነበበ አዲስ ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ ይሠራል። ነገር ግን ይኸው ሐሳብ በመሥሪያ ቤት ልማድ «የዕለቱ ክንውን ማጠቃለያ ሪፖርት ትግበራ በተገቢው ሁኔታ ስለመፈጸሙ ማረጋገጥ ያስፈልጋል» ተብሎ ቢጻፍ ቃሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ሳለ ለባለሱቁ ከእንግሊዝኛው አይሻለውም። አማርኛ ማወቅና መመሪያ መጻፍ ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ «እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ሰው ይበቃል» የሚል አሳብ ቢነሣ፣ እንደማይበቃ የሚያስረዱ ምክንያቶች በሱቁ ውስጥ ሞልተዋል። «ይጫኑ» የሚለውን ቃል መመልከት ነው። ቍልፉን በጣት ተጫን ለማለት «ይጫኑ» ይባላል፤ አዲሱን ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ አግባ ለማለትም «ይጫኑ» ይባላል፤ ዕቃውን በመኪና ላይ ጫን ለማለትም ያው ነው። «ሰርዝ» የሚለው ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ አለበት። አንዱ «ሰርዝ» የጀመርከውን ተወው ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ሰርዝ» የተመዘገበውን አጥፋው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓመት የዱቤ መዝገብ ሊሆን ይችላል። «ሒሳብ» የሚለውም በባንክ ያለውን ገንዘብ፣ ደንበኛው የሚከፍለውን ዋጋ፣ እንዲሁም የመዝገቡን ሥራ በአንድ ስም ይጠራል። መልካም ጸሐፊ ከእነዚህ ትርጕሞች አንዱን ለአንዱ ቃል ይመድባል፤ ለሌላው ሌላ ቃል ይፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻውም ሳያፈርስ ይጠብቀዋል።

የሰዓትና የቀን ነገርም አለ። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ «በየቀኑ በ8፡00 መዝገብዎን ይገልብጡ» ቢል፣ የጻፈው ሰው ጧት ከሱቅ መክፈቻ በፊት ማለቱ ነው፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ቍጥሩ እንዳለ ቢገለበጥ ግን የመካነ ኢየሱስ ባለሱቅ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ገበያተኛው በሚጋፋበት ጊዜ ሥራውን አቁሞ ይገለብጣል። የዘመኑ ልዩነት ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። «እስከ 2026 ያገለግላል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መድኃኒት ወይም የፕሮግራም ፈቃድ በእኛ አቈጣጠር የሚያነብ ሰው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ እውነተኛው ጊዜ ግን እንደ ወሩ 2018 ወይም 2019 ዓ.ም. ነው። ቀንና ወር በቍጥር ብቻ ሲጻፉም የትኛው እንደሚቀድም ከአገር አገር ይለያያል። ይህን ሁሉ የሚያርመው የቋንቋ ሊቅነት ብቻ ሳይሆን ገበያውን ማወቅ ነው።

በአውሮጳ የአውሮፕላን ሠሪዎች ይህን ችግር ቀደም ብለው አይተውታል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ የጥገና ባለሞያ መመሪያውን ቢያሳስት የሚከተለው የሕይወት ጥፋት ስለሆነ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ለመመሪያ ጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል ቀላል እንግሊዝኛ ደንግገው አወጡ። የተፈቀዱት መሠረታውያን ቃላት 900 ያህል ናቸው፤ አንድ ቃል አንድ ትርጕም ብቻ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ሥራን የሚያዝዝ ዐረፍተ ነገርም ከ20 ቃል እንዳይበልጥ ይከለክላል። ለአማርኛ ንግድ መመሪያዎችም ይህን የመሰለ ደንብ ቢወጣ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ይህ አሳብ ለእስቴና ለጋይንት ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት ቦታ ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ደረሱ ይተረካል። ምልክቱ ምን አደረገ ቢባል፣ በመምህሩ ጕሮሮ ብቻ የነበረውን ዜማ በብራና ላይ አስቀመጠው፤ ድምፁ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ስፍራ በጥቃቅን ፊደላት አመለከተ። ተማሪው ከመምህሩ ጋር መዋሉ አልቀረም፤ ነገር ግን መምህሩ ቢያልፍ ዜማው አብሮት አላለፈም። ከዚህ የበለጠ የመመሪያ ምሳሌ ከየት ይገኛል?

ከዚሁ ቤተ ጉባኤ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱም በተቃራኒው ነው። በመጽሐፍ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ትርጕምን ማብዛት ሊቅነት ነው፤ በቅኔም ከሰሙ በታች ወርቅ መሰወር ክብር ነው። በመመሪያ ጽሑፍ ግን «አንድም» ጥፋት ነው፤ ወርቅ መሰወርም ባለሱቁን መጕዳት ነው። በአገራችን ጥሩ ጽሑፍ ማለት ምሥጢር ያለበት ጽሑፍ ነው የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ግልጥ ብሎ መጻፍ እንደ ዕውቀት ማነስ ይቈጠራል። ይህ አመለካከት በቅኔ ማኅበር የራሱ ቦታ አለው፤ በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ ግን ቦታ የለውም።

ስለ ፊደሉ ችግር ማንሣት ዛሬ ተገቢ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በደከሙበት ዘመን ፊደሉን በመሣሪያ ላይ ማስቀመጥ ራሱ ትግል ነበር። በኋላም የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀመር እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ይህ ምክንያት እየቀለለ ሄዶ ዛሬ በማንኛውም ስልክ አማርኛ ይጻፋል፤ ይነበባልም። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ የሚያገለግል ሆኖ መቅረቡ ሥራው ከታሰበበት እንደሚቻል ያሳያል። የቀረው የጸሐፊውና የፈቃዱ ነገር ነው።

በሕግም በኩል ቢሆን መነሻ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማይገባውን ቋንቋ የያዘ ወረቀት መስጠት «በቂ መረጃ» ይባላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች መተው ይቻላል። ነጋዴ ግን ሕጉ እስኪያስገድደው ሳይጠብቅ ከጥቅሙ አንጻር ሊመለከተው ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው «መመሪያ የሚያነብ ሰው የለም» የሚለው ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሰው የማያነበው ማንበብ ስለማይወድ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚህ ቀደም የተሰጠው ጽሑፍ ስላልጠቀመው ነው። የስልክ ገንዘብ ሲልክ በስልኩ ላይ የሚመጣውን አጭር የአማርኛ መልእክት አንብቦ ካላረጋገጠ ዕቃውን የማይለቅ ባለሱቅ፣ ጥቅም ያለበትን ጽሑፍ እንደሚያነብ ራሱ ምስክር ነው።

ሁለተኛው «ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል፤ ምስልና ድምፅ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ኢንተርኔት ሲኖር መልካም ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቈየ የአካባቢው ነጋዴ አይረሳውም። በዚያን ጊዜ መሣሪያው የተበላሸበት ሰው የሚረዳው በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አልነበረውም። የመብራት መጥፋትንም በዚህ ላይ መጨመር ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው «ከእንግዲህ ትርጕሙን ማሽን ይሠራዋል» የሚለው ነው። የጉግል የትርጕም አገልግሎት አማርኛን ከየካቲት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይዟል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ረዥም ጽሑፍ በአማርኛ ይጽፋሉ። በአሜሪካ ከ1953 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ጀምሮ የዚህን ሞያ ሰዎች ሲያስተባብር የኖረው የመመሪያ ጸሐፊዎች ማኅበር በጥር 2017 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት መዘጋቱም እውነት ነው። ስለዚህ ሞያው ያለ ሥጋት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ማሽኑ ረቂቁን ቢጽፍም ካሽ ሬጅስተሩን ነክቶ አልሞከረም፤ አዲሱ የሱቅ ሠራተኛ ሲያነብ የት ላይ እንደ ተደናገረ ቆሞ አላየም፤ 8 ሰዓት በመካነ ኢየሱስ ምን ማለት እንደሆነም ያልነገሩትን ሊዘነጋ ይችላል። ስሕተት ቢገኝ ኀላፊነቱን የሚወስደው ስሙን የፈረመ ሰው እንጂ ማሽን አይደለም። ማሽኑን ረዳት አድርጎ መሥራት ብልኅነት ነው፤ ማንም ሳይመረምረው ለገበያ ማውጣት ግን ሚዛኑን ሳያዩ እህል እንደ መረከብ ነው።

ስለ ወጪውም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተጻፈ መመሪያ ለ10 መሣሪያም ለ10,000 መሣሪያም ያገለግላል፤ ዋጋው በዕቃው ብዛት ሲካፈል ኢምንት ይሆናል። በአንጻሩ መመሪያ የሌለው ዕቃ የሚያስወጣው ወጪ አያልቅም፤ ባለሞያ ከባሕር ዳር እስቴ ድረስ የሚመላለስበት ትራንስፖርት፣ በስልክ የሚባክነው ሰዓት፣ ሳይሸጥ የሚውለው ቀን፣ ከሁሉም ይልቅ «የዚያ ድርጅት ዕቃ አይረባም» ተብሎ የሚወጣው ስም አለ። ዕቃው ግን ደኅና ነበር፤ ያልረባው የሚያስረዳው ሰው ማጣቱ ነው።

እንግዲህ የሚከተሉት ነጥቦች ለንግዱ ኅብረተሰብ ቢቀርቡ ተገቢ ነው።

1ኛ/ አስመጪዎች መሣሪያና ፕሮግራም ከውጭ ሲያዝዙ፣ የአገልግሎት መመሪያውን በአገር ቋንቋ የማሳተም ፈቃድና መነሻ ጽሑፉ አብሮ እንዲመጣ ገና በፕሮፎርማው ላይ ያስገቡ። ዕቃው ከተከፈለበት በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ ልመና ይሆናል።

2ኛ/ በአገር ውስጥ ፕሮግራም የሚሠሩ ድርጅቶች ከመሐንዲሶቻቸው ጎን አንድ መመሪያ ጸሐፊ ይቅጠሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራም መሥራትን፣ የመረጃ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያስተምር ነው። ፕሮግራም የሚሠሩት ሲበዙ የሚያስረዱት ካልበዙ ሥራው ከሠሪው ደጃፍ አያልፍም። በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ አማርኛቸው ቀና፣ ጽሕፈታቸው ንጹሕ ሆኖ ሥራ ያጡ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መነሻ እርሱ ነው።

3ኛ/ ላኪዎች የጉምሩክና የፈቃድ ጕዳያቸውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጽሙ የሚያደርገው የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሥራው ሁሉ በትራንዚተር እጅ ብቻ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱ የንግድ ቤት የሚፈጽመውን ተግባር በራሱ ጸሐፊ ደረጃ በደረጃ ጽፎ ያኑር። የውጭ አገር ጽሑፍ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በቤቱ የሚሠራውን የሚጽፈው በቤቱ ያለው ሰው ነው።

4ኛ/ የንግድ ምክር ቤቶች በአንድ ሆነው የንግድ ፕሮግራሞች ቃላት ዝርዝር ያዘጋጁ። «ሰርዝ»፣ «ጫን»፣ «ሒሳብ»፣ «አድስ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ለምን ብቻ እንደሚያገለግሉ ይወሰን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቃውንት ከዚህ ቀደም በሳይንስና በቴክኖሎጂ ቃላት ላይ የደከሙት ድካም መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመጨረሻው ፈተና በገበያ ላይ ይሁን። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይኸው ሥራ እንዲሠራ የየአካባቢው ምክር ቤት ይትጋ።

5ኛ/ ባለሱቆች ዕቃ ሲረከቡ መመሪያውን ከዕቃው ጋር ቈጥረው ይረከቡ። የኤሌክትሪክ ገመዱ የጎደለ መሣሪያ እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ መመሪያው የጎደለውንም አይቀበሉ። የተቀበሉትንም መመሪያ ለአዲሱ ሠራተኛ ሰጥተው፣ ማንም ሳይረዳው አንድ ሽያጭ መዝግቦ አንድ ቀን ዘግቶ እንዲያሳያቸው ያድርጉ። ካልቻለ ወረቀቱን ለሻጩ ይመልሱ።

ከእነዚህ አምስቱ ነጥቦች ውስጥ ብርቱው አምስተኛው ነው። ሻጭ የሚያቀርበው ገዢ የሚጠይቀውን ነውና፣ በመካነ ኢየሱስ ያለ አንድ ባለሱቅ «መመሪያው የታል?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው በደብረ ታቦር ወዳለው አከፋፋይ ይደርሳል፤ አከፋፋዩ አስመጪውን ይጠይቃል፤ አስመጪውም ወደ ሠሪው ይጽፋል። እስከ ዛሬ ጥያቄው ከታች ስላልተነሣ ከላይ መልስ አልመጣም። ጥያቄውን ለማንሣት ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዕቃውን ከመክፈልና ከመፈረም በፊት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል።